ረጅሙ፣ አጭሩ ወይስ የፋብሪካው? ለክረምት መንገድ የሚሆን የአየር መሳቢያ አመራረጥ

ክረምት ሲገባ በየጋራዡ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። «ሞተሩ ውሃ ጠጣ» ይላሉ። መኪናው የተኛ ውሃ ውስጥ ገባ፣ መሃል ላይ ጠፋ፣ ሹፌሩ ሁለት ሦስቴ ሞተሪኖ መታ፣ ከዚያ «ጓ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የቀረው የመካኒክና የኪስ ጉዳይ ነው።

ጥፋቱ የሚጣለው ጎርፉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለቀው ቀደም ብሎ ነው። ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? የአየር መሳቢያ ለመቀየር ያሰበ ሰው ስለ ጉልበትና ስለ ድምፅ ከማውራቱ በፊት ይህንን ይጠይቅ። አማራጮቹ የፋብሪካው ሳጥን፣ ወደ ፓራፋንጎ የሚወርደው ረጅም ቱቦ፣ ሞተሩ አጠገብ የሚቀመጠው አጭር ቱቦና ጣሪያ የሚደርሰው ስኖርክል ናቸው። እኔም የማወዳድራቸው በዚሁ ተርታ ነው። መጀመሪያ የአፉ ከፍታ፣ ቀጥሎ አቧራ፣ ጉልበት በመጨረሻ።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ

ኮፈኑን ክፈቱ። የአየር ፊልትሮው የተቀመጠበትን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጉ። ከሳጥኑ የሚወጣውን ቱቦ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እስከ ጫፉ ሂዱ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ጫፉ ከራዲያተሩ በላይ ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ታጥፎ ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ ይወርዳል። በግምት አትለፉት። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሬት እስከ አፉ የታችኛው ጠርዝ ድረስ ለኩ።

ያገኛችሁት ቁጥር ግን መሻገር የምትችሉት የውሃ ጥልቀት አይደለም። አምስት ሰው ሲሳፈር መኪናው ዝቅ ይላል። ስትነዱ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ያለው ውሃ ተገፍቶ ወደ ላይ ይነሳል። ሁሉንም ብትጠነቀቁ እንኳ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ሲኖ ትራክ አለ። እሱ ሳይቀንስ ሲያልፍ የሚልከው ሞገድ ኮፈናችሁ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከልኬቱ ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። እኔ ካልቸኮልኩ ከዚያም በላይ እቀንሳለሁ።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ባለ 14 ቸርኬ ትንሽ መኪና የጎማው መሃል ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ ረጅሙ ቱቦ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ግማሽ ስኒ ውሃ

ሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ይጨምቀዋል። ውሃ ግን አይጨመቅም። ሦስት ሲሊንደር ያለውን የቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተር እንውሰድ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ወደ 333 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የመጭመቂያ ምጣኔው፣ ማለትም ፒስተኑ ታች ሲሆን ከላዩ ያለው ቦታ ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ጋር ሲነጻጸር፣ 10.5 ለ1 አካባቢ ነው። እንግዲህ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚተርፈው ባዶ ቦታ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ የቡና ስኒ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውሃ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ የሚሄድበት የለውም። የሞተሩ ዙር ግን አይቆምም። ጉልበቱ ሁሉ ፒስተኑን ከታች በያዘው ዘንግ፣ በቢየላው ላይ ያርፋል፤ ቢየላው ይታጠፋል። ሲብስ ይሰበርና የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል።

«የእኔ ናፍጣ ነው፣ ላንድ ክሩዘር ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። የድሮው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የመጭመቂያ ምጣኔው ከ22 ለ1 በላይ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት ከፒስተኑ በላይ የሚተርፈው ቦታ 32 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከቪትዟ ያንሳል! በዚያ ላይ የቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጠው የካንዴላ መስመር ሲርስ ቶሎ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንዴ የሚተርፈውም በዚሁ ነው። ናፍጣ ካንዴላ አይጠብቅም፤ እየጎረሰ ይቀጥላል።

ፍጥነቱም አይናቅም። ባለ 1 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር እየዞረ ነዳጅ እስከ ጥግ ከተረገጠ በደቂቃ እስከ 1,500 ሊትር አየር ይስባል። አፉ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ግማሽ ስኒውን ለመጠጣት ዓይን እስኪከደን እንኳ አይፈጅበትም።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንያዝ። ዝናብ ሌላ ነው፣ መጥለቅ ሌላ ነው። በጠል መልክ የሚገባ ጥቂት እርጥበት ሞተሩ ውስጥ ተንኖ ይወጣል። ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ በረጅሙ ቱቦም ቢሆን ሞተር አይገድልም። የሚገድለው አፉ ሙሉ በሙሉ ውሃ ሲሸፍነው ነው።

የፋብሪካው ሳጥን

ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ይህንን ነው። አፉ በአብዛኛው ከፍ ያለ ነው። አየሩን የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ሳይሆን ከፊት ነው። ስለዚህ «ቀዝቃዛ አየር» የሚባለውን ነገር ፋብሪካው አስቀድሞ ሠርቶታል። በሳጥኑ ሥር ትንሽ የውሃ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በአቧራና በቅጠል እንዳይደፈን ማየት ነው። ቱቦው ላይ የተንጠለጠሉትን ባዶ የፕላስቲክ ጎድጓዶች «ምን ይሠራሉ?» ብሎ የሚጥላቸው አለ። ድምፅ ይቀንሳሉ። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ውሃው ፊልትሮው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ ይሆናሉ። አትጣሏቸው።

ሳጥኑን ሳይነኩ ፊልትሮውን ብቻ በሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ መቀየርም አለ። በውሃ በኩል ምንም አይለወጥም፤ አፉ ያው አፍ ነው። የጉልበት ለውጡ በእግር የሚታወቅ አይደለም። ጥቅሙ ታጥቦ ደግሞ መሥራቱ ነው። ችግሩ ዘይቱ ነው። ካጠባችሁ በኋላ ዘይት ካበዛችሁበት የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ያቆሽሸዋል፤ ካሳነሳችሁበት አቧራ ያሳልፋል። የኮረኮንች መንገድ ለሚበዛበት ሰው ጥራት ያለው የወረቀት ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ።

ረጅሙ ቱቦ

ነገሩ የሚከረው እዚህ ነው። ረጅሙ ቱቦ ከሞተሩ ተነስቶ ታጥፎ ይወርድና ፊልትሮውን ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። በትራፊክ ስትቆሙ በኮፈኑ ሥር ያለው አየር 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ታች ያለው ግን የውጭ አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር ይጠቀጠቃል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሩም በዚያው ልክ ነዳጅ አቃጥሎ ጉልበት ያወጣል።

ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ በስሱ አየር ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 56 አካባቢ ይቀረዋል። ረጅሙ ቱቦ ከፋብሪካው ሳጥን 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር አመጣ እንበል። ትርፉ ሁለት የፈረስ ጉልበት አይሞላም። የከተማው የውጭ አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የፋብሪካው ሳጥንም ከዚያው ነው የሚስበው።

ለዚህ ሁለት ለማይሞላ ጉልበት የሚከፈለውን ደግሞ እዩት። ፊልትሮው የሚቀመጥበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ከጎማው መሃል ብዙም አይርቅም። ቅድም ያልነው 28 ሴንቲ ሜትር እዚህ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉ ሲወርድ፣ የውሃ መውረጃው በፌስታልና በደለል ሲደፈን፣ መንገድ ዳር የሚተኛው ውሃ የጎማ መሃል መድረሱ ብርቅ አይደለም። በቀለበት መንገድ ዝቅ ያሉ ማለፊያዎች ላይማ ከዚያም ይብሳል።

ሌላም አለ። የቱቦው ውፍረት ሲለወጥ የአየር መለኪያው ሴንሰር የሚያነበው ሊዛባ ይችላል። ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራት በርቶ ኮምፒውተር የሚያስነበብ ስንቱ ነው፤ ነገሩ ቱቦው ሆኖ። ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው የላስቲክ መሸፈኛ ለቱቦው ሲባል ከተቆረጠ ደግሞ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል።

የገዛችሁት ሁለት ቁራጭ ያለው ዓይነት ከሆነ አንድ ጥሩ መውጫ አለ። የታችኛውን ቁራጭ አውልቆ ፊልትሮውን ላይ፣ ኮፈኑ ሥር መግጠም ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጭር፣ በበጋ ረጅም። ሥራው ሁለት ማሰሪያ መፍታትና ማጥበቅ ነው።

ማለፊያ ቫልቭ እና ቆብ

ረጅሙን ቱቦ ካልተውኩ ለሚል ሰው ሁለት መከላከያ ይሸጣል። አንደኛው ቱቦው ላይ ከፍ ብሎ የሚገጠም ማለፊያ ቫልቭ ነው። ታች ያለው ፊልትሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ የመሳቡ ኃይል ይጨምራል፤ ያኔ ቫልቩ ተከፍቶ ሞተሩ ከላይ አየር እንዲያገኝ ያደርጋል። ብልህ ነገር ነው። ግን ቫልቩ ራሱ ከውሃው በላይ መሆን አለበት። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ አይገጠምም። የቫልቩ ስፖንጅም በአቧራና በዘይት ከተጋገረ ዋጋ የለውም፤ በየጊዜው ማጽዳት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ፊልትሮው ላይ የሚጠለቅ ውሃ የሚገፋ የጨርቅ ቆብ ነው። ለርጭትና ለጭቃ ይረዳል። ለመጥለቅ ግን ምንም ነው። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ጨርቁ ውሃውን አያግደውም። «ውሃ አያስገባም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ እንዳያታልላችሁ።

አጭሩ ቱቦ

ፊልትሮው ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ይቀመጣል። ለውሃ ከረጅሙ በብዙ ይሻላል። በጉልበት በኩል ግን በትራፊክ ላይ ከፋብሪካውም ሊያንስ ይችላል፤ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነዋ። በላሜራ ወይም በፕላስቲክ ከሞተሩ ሙቀት ከተከለለና ከፊት አየር የሚያገኝበት ከተከፈተለት ይሻሻላል። የሚገዛው በዋናነት ለድምፁ ነው። ድምፅ መውደድ ነውር የለውም፤ ብቻ ለድምፅ መሆኑን አውቆ መግዛት ነው። የፋብሪካውን ሳጥን ግን አስቀምጡት። መኪናውን ስትሸጡ ይጠየቃል፤ ያኔ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሙሉውን ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ስኖርክል

ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ከፓራፋንጎው ወጥቶ በመስታወቱ ጎን ወደ ጣሪያ የሚወጣው ጥቁር ቧንቧ ነው። አፉን ጣሪያ ላይ ስለሚያደርሰው በከፍታ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ዋናው ጥቅሙ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃ አይደለም፤ አቧራ ነው። ወደ አፋር ወይም ወደ ኦሞ በተርታ ሲኬድ ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሳው አቧራ ከታች ይወፍራል፤ ጣሪያ ላይ ይሳሳል። ፊልትሮው ይከርማል።

ውሃ ላይ ችግሩ ያለው በመገጣጠሚያው ነው። ቧንቧው ጣሪያ ደርሶ ታች ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍተት ካለው ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያው ነው። ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣም ቢሆን ለአቧራ ተብሎ የተሠራና በደንብ ያልታሸገ ሊሆን ይችላል። አሳሳች አምሳያዎቹማ አይነሱ። ቀላል መፈተኛ አለው። ሞተሩን አስነሱና ዝም ብሎ እንዲዞር ተዉት። አንድ ሰው የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ለአፍታ ይድፈነው። በደንብ ከታሸገ ሞተሩ ይንተፋተፍና ሊጠፋ ይቃረባል ወይም ይጠፋል። እንደ ልቡ መዞሩን ከቀጠለ ሌላ ቦታ አየር እያገኘ ነው። አየር የሚገባበት ቦታ ውሃም ይገባበታል። ያኔ ኮፈኑን ከፍቶ የፉጨቱን ድምፅ እየተከተሉ ክፍተቱን መፈለግ ነው።

ደግሞም ስኖርክል መኪናውን ጀልባ አያደርገውም። የሚያነሳው የሞተሩን አፍ ብቻ ነው። ዲናሞው እዚያው ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እዚያው ነው። ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ የሚተነፍሱበት ቀጭን ቱቦም ታች ነው፤ ትኩሱ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውሃ ወደ ዘይቱ ይስባል። ቶዮታ ለሃይሉክስና ለ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የሚሰጠው የመሻገሪያ ልክ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ፎርድ ሬንጀር 800፣ አዲሱ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር መኪናውን ከፍ በሚያደርገው በአየር ሰስፔንሽኑ 900። የአንዳቸውም ቁጥር ጣሪያ ጋ አይደርስም።

ይህ ሁሉ ለተኛ ውሃ ነው። የሚፈስ ከሆነ ስለ አየር መሳቢያ ማውራት ራሱ ይቀራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት እንደሚያስጠነቅቀው 30 ሴንቲ ሜትር የሚጋልብ ውሃ አብዛኛውን ትንሽ መኪና ይዞ ይሄዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትልልቁን ጭምር።

ለማን የትኛው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ለሚነዳ፣ የፋብሪካው ሳጥን ከንጹሕ ፊልትሮ ጋር። ቀልድ የለውም። ድምፅ ካማራችሁ አጭሩ። ረጅሙን በክረምት አልመክርም፤ ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ተገጥሞበት ካገኛችሁም ከሰኔ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለን ሞተር ይበልጥ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ የአየር መሳቢያ የለውም። ጎርፍ ውስጥ ይገባል ማለት ግን አይደለም።

ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ባለ ላንድ ክሩዘር፣ ስኖርክል፤ ታሽጎ፣ ተፈትኖ።

ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ሌላ ሒሳብ አላችሁ። በጋው 45 ዲግሪ በሚሆንበት አገር ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር መፈለጉ እውነት ነው፤ ረጅሙ ቱቦ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያ ትርጉም አለው። ዝናብ ብርቅ ስለሆነም ሰው ይዘናጋል። ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 የሆነውን አይታችኋል። አል ዐይን አካባቢ ኸትም አል ሸክላ ላይ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ ምዝገባ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ትልቁ ነው። አውራ ጎዳናው ሐይቅ ሆኖ ዋለ። እዚያ ቱቦ የሚቀይር ሰው የኢንሹራንሱን ውል አውጥቶ «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ ከፋብሪካው ሌላ ዕቃ ሞተሩ ላይ የተገጠመበት መኪና ላይ ምን እንደሚልም ይይ።

ከጠፋባችሁ

መኪናው ውሃ ውስጥ ከጠፋ ቁልፉን አትንኩ። ብዙ ሞተር የሚሞተው ሲጠፋ ሳይሆን ሞተሪኖ ሲመታ ነው። ገፍታችሁም በማርሽ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ያው ነው። ገፍታችሁ ወይም አስጎትታችሁ ደረቅ ቦታ አውጡት፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን።

ከዚያ የፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ምናልባት የራሰው የኤሌክትሪክ መስመሩ ብቻ ነው። ወረቀቱ ርሶ ከተጣበቀ፣ ከፊልትሮው ወዲያ ያለው ቱቦ ውስጥም እርጥበት ካለ፣ ውሃው ገብቷል ብላችሁ ተነሱ። መካኒኩ ባትሪውን ይፍታ፤ ካንዴላዎቹን ይንቀል፤ ናፍጣ ከሆነ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ወይም የማሞቂያ ካንዴላዎቹን። ሞተሩን በቁልፍ ሳይሆን በእጅ፣ በመፍቻ ቀስ አድርጎ ያዙረው። ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ዘይቱንም ይይ፤ ቡና በወተት ከመሰለ መለወጥ አለበት፤ አንዴ ብቻም ላይበቃው ይችላል።

ውሃው ወጥቶ ሞተሩ ቢነሳም ወዲያው «ተረፈ» አትበሉ። ጥቂት የታጠፈ ቢየላ ሳምንታት ነድቶ ሊሰበር ይችላል። መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ እያስገባ እያንዳንዱ ፒስተን እስከ የት ድረስ እንደሚወጣ ይለካ። የአንዱ ፒስተን ጫፍ ከሌሎቹ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ የዚያ ሲሊንደር ቢየላ አጥሯል ማለት ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድና ቢየላው ሳይቀየር መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።